ሆዷ ላይ ለስልሶ፣ ክርኗ ላይ የጠነከረው ጠባሳ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይኸው። ጠያቂዋ የባሕር ዳር እናት ናት። የ6 ዓመት ልጇ ላይ ከአምስት ወር በፊት የሚንተከተክ ሽሮ ተደፋባት። ሆዷንና ቀኝ ክንዷን አገኛት፣ ክንዷ ላይ በተለይ የክርኗን እጥፋት። «ቀሚሷን ወዲያው ገፈፍኩላት። ሆዷ በሁለት ሳምንት ዳነ፣ አሁን የቀረው ቀለሙ ብቻ ነው። ክርኗ ግን እስኪዘጋ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። ከተዘጋ በኋላ ደግሞ እያበጠ፣ እየቀላ፣ እንደ ገመድ እየጠነከረ መጣ። ሌሊት ያሳክካታል። አሁን እጇን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አትችልም። ጎረቤት ‹ደማችሁ ነው፣ አንቺም ጆሮሽ ላይ አለብሽ› ይለኛል። አንዱ ባለሙያ ቆዳ ሲወጠር ጠባሳ ይወፍራል አለኝ፣ ሌላው በየቀኑ ዘርጊላት አለኝ። የትኛውን ልስማ? ተቆርጦ ቢወጣላትስ? አንድ ልጅ፣ አንድ ሽሮ፣ አንድ ቀን። ለምን ሁለት ዓይነት ሆነ?»

ከመጨረሻው ልጀምር። አሁን አይቆረጥ። ክንዷ ግን ዛሬ ነገ ሳይባል ተዘርግቶ ማደር ይጀምር። ሁለቱም ባለሙያዎች የነገሩሽ እውነት ነው፣ ያወሩት ግን ስለተለያየ ጊዜና ስለተለያየ መወጠር ነው። ይህን ለመረዳት የቆዳ ሕዋስ የቆመበትን ወለል እንዴት እንደሚያዳምጥ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ላስተካክል። አንድ ሽሮ፣ አንድ ቀን ማለት አንድ ዓይነት ቃጠሎ ማለት አይደለም። ውሃ ይፈስሳል። ሽሮ ይጣበቃል፣ የተጣበቀበትም ቦታ ላይ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ሆዷ ላይ ያረፈው አብዛኛው ከቀሚሷ ጋር ተነሳ፣ ፈጥነሽ መግፈፍሽ በጣም ጠቅሟታል። እጇን ግን ልጅ ሲያማት እንደምታደርገው አጥፋ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች፣ ትኩሱም እጥፋቱ ውስጥ ተቀብሮ ቆየ። እዚያ ያለው ቃጠሎ ጠልቋል። ለዚህ ምልክቱ አንቺው የጻፍሽው ነው፤ አንዱ በሁለት ሳምንት ተዘጋ፣ ሌላው ከወር በላይ ቆየ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚዘጋ ቃጠሎ ወፍራም ጠባሳ የሚተወው ከስንት አንዴ ነው። ሦስት ሳምንት ካለፈው ግን ዕድሉ በጣም ይጨምራል።

ጥልቀቱ ግን ነገሩን አይጨርሰውም። እኩል ጠልቆ የተቃጠለ ሆድና እኩል ጠልቆ የተቃጠለ ክርን እንኳን አንድ ዓይነት ጠባሳ አይወጣቸውም። ክርን ቀኑን ሙሉ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ቆዳው ይሳባል፣ ይላላል። ይህ መሳብ ለሕዋሳቱ ወሬ ነው፣ ትእዛዝም ነው።

ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር ባለው ወፍራም ክፍል ውስጥ ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት ይኖራሉ። ሥራቸው ኮላጅን የሚባለውን ክር መፍተል፣ መዘርጋት፣ ያረጀውን ማፍረስ ነው። ዓይን የላቸውም። የት እንዳሉ የሚያውቁት በመጎተት ነው። በዙሪያቸው ያለውን ክር ይይዙና ሳብ ያደርጉታል። ወለሉ ለስላሳ ከሆነ ክሩ እሺ ብሎ ይመጣል፣ ሕዋሱም ይረጋጋል። ጠንካራ ከሆነ ክሩ አልመጣም ይላል። ያኔ ጉልበቱ ወደ ሕዋሱ ይመለሳል፣ ሕዋሱም ይበልጥ ይፈረጥማል።

ጣና ዳር ታንኳ በረጅም እንጨት ሲገፋ አይተሽ ታውቂያለሽ። እንጨቱ ጭቃው ላይ ሲሰካ ይሰምጣል፣ ታንኳው ንቅንቅ አይልም፣ ሰውየውም መግፋቱን ቀነስ ያደርጋል። እንጨቱ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ግን የገፋውን ያህል ይመልስለታል፣ ወገቡን አጥብቆ ይበልጥ ይገፋል። ፋይብሮብላስትም እንደዚያው ነው። ጤናማ ቆዳ ጭቃው ነው፣ ጠባሳ ድንጋዩ ነው።

ይህ በምሳሌ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም፣ በዓይን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 አልበርት ሃሪስና ባልደረቦቹ ሕዋሳትን በጣም ስስ የሲሊኮን ሽፋን ላይ አሳደጉ። ሽፋኑ ከሕዋሳቱ ሥር ተጨማደደ። አልጋ ልብስ መሀሉን ጨብጠሽ ስትስቢው የሚያወጣውን ሽብሽብ አስቢው፣ ማይክሮስኮፕ ሥር የታየው እሱን የመሰለ ነው። በዓይን የማይታይ አንድ ሕዋስ የቆመበትን ወለል አጨማደደ። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ፣ በ1971፣ ጁሊዮ ጋቢያኒና ባልደረቦቹ በሚድን ቁስል ውስጥ እንደ ጡንቻ የሚኮማተሩ ፋይብሮብላስቶችን አግኝተው ነበር። ማዮፋይብሮብላስት ይባላሉ። የልጅሽን ክንድ እያጠፉ ያሉት እነሱ ናቸው።

አትጥያቸው፣ ጠላት አይደሉም። ክፍት ቁስልን ከዳርና ከዳር ስበው የሚያጠብቡት እነሱ ናቸው። ቁስሉ ሲዘጋ ሥራቸውን ጨርሰው መሞት አለባቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ይሞታሉ። ችግሩ የሚመጣው አልሞት ሲሉ ነው። አልሞት የሚሉበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ደግሞ ያ መወጠር ነው። የላቦራቶሪ አይጥ ቆዳው ልል ስለሆነ ወፍራም ጠባሳ አያወጣም። ተመራማሪዎች ግን የአይጥ ቁስልን በትንሽ መሣሪያ በየጊዜው ሲወጥሩት የሰው የሚመስል ወፍራም ጠባሳ ወጣበት፣ ሕዋሳቱም እንደ ወትሮው አልሞቱም።

እዚህ ላይ አንድ ዙር አለ፣ ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው እሱ ላይ ነው። ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን አለ፤ ለሕዋሱ «ክር ፍተል፣ ጠንክር፣ ሳብ» የሚለው እሱ ነው። ይህ ፕሮቲን ተቆልፎ በክሮቹ መሀል ተቀምጧል። ሕዋሱ ለስላሳ ወለል ላይ ሆኖ ሲጎትት ቁልፉም ክሩም አብረው ስለሚመጡ ምንም አይከፈትም። ጠንካራ ወለል ላይ ሲጎትት ግን ክሩ ባለበት ይቀራል፣ ቁልፉ ይወጠርና ይከፈታል፣ መልእክቱ ይለቀቃል። ሕዋሱ ተጨማሪ ክር ይፈትላል። ወለሉ ይበልጥ ይጠነክራል። የሚቀጥለው ጉተታ ይበልጥ ይከፍታል። ጠባሳ ከተዘጋ በኋላ ለወራት እያበጠና እየጠነከረ የሚሄደው ለዚህ ነው። ቁስሉ «አልዳነም» ማለት አይደለም። መዳኑን የሚያቆመው ሰው አጥቷል።

ሕዋስ ደግሞ ያስታውሳል። ጠንካራ ወለል ላይ ለሳምንታት ያደጉ ሕዋሳት ወደ ለስላሳ ወለል ሲዛወሩ ወዲያው አይለሰልሱም፣ የድሮ ጠባያቸውን ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ «ሦስት ቀን ዘረጋኋት፣ ለውጥ የለም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለም። ሥራው የወራት ነው።

አሁን በገዛ ቆዳሽ ላይ አንድ ነገር ሞክሪ። የክርንሽን ውስጠኛ ክፍል በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጊ። ከዚያ ቅልጥምሽ ፊት ለፊት ያለውን ቆዳ ቆንጥጪ። ከዚያ ደረትሽ መሀል አጥንቱ ላይ ያለውን። የአንዱ ሰው ቆዳ በየቦታው የተለያየ ነው። ልዩነቱ በአቅጣጫም ይመጣል፤ ወደ ጎን የሚሳበውና ወደ ላይ የሚሳበው እኩል አይደለም። የኦስትሪያው ካርል ላንገር በ1861 የሞቱ ሰዎችን ቆዳ በክብ ወስፌ ሲወጋ ቀዳዳዎቹ ክብ ሆነው አልቀሩም፣ ሞላላ ሆኑ፣ ሞላላዎቹም ተያይዘው መስመር ሠሩ። ቆዳ ዝም ብሎ ሲያዩት እንኳን ተወጥሮ እንደሚኖር ያሳየ ሙከራ ነው። ቀዶ ሐኪም የት በኩል እንደሚቆርጥ ሲመርጥ እስከ ዛሬ እነዚህን መስመሮች ያስባል። በመስመሩ ላይ የተቆረጠ ቀጭን ሆኖ ይድናል። አቋርጦ የሄደ ይሰፋል፣ ያብጣል። የልጅሽ ጠባሳ ክርኗን ከላይ ወደ ታች አቋርጦ ነው የሚሄደው። እጇን በዘረጋች ቁጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሳባል።

ጤናማ ቆዳ ውስጥ የኮላጅን ክሮች እንደ ሰሌን ተጠላልፈው ነው ያሉት። ሰሌን ወዲህም ወዲያም ሲስቡት ትንሽ ይታዘዛል። ጠባሳ ውስጥ ግን ክሮቹ በተሳቡበት አቅጣጫ ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ እንደ ገመድ። ገመድ በቁመቱ አይለጠጥም። አንቺ «እንደ ገመድ» ብለሽ የጻፍሽው ውስጡም እንደዚያው ነው።

«ደማችሁ ነው» የሚለውን ልመልስ። ግማሹ እውነት ነው። ኬሎይድ በቤተሰብ ይሄዳል፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይም ይበዛል። አንቺ ጆሮሽ ላይ ካለሽ ልጅሽን ጆሮዋን አትብሻት፣ ንቅሳትም ይቅርባት። ግን ክርኗ ላይ ያለው፣ እንደገለጽሽው ከሆነ፣ ኬሎይድ አይመስልም። ኬሎይድ ከቁስሉ ድንበር ወጥቶ ጤናማውን ቆዳ እየወረረ ይሄዳል። የእሷ ቃጠሎው በነበረበት ልክ ነው ያበጠው። ይህ ወፍራም የቃጠሎ ጠባሳ ነው፣ ከዓመት ዓመት ተኩል በኋላ በራሱም ቢሆን የመለስለስ ዕድል አለው። ደም ቢሆን ኖሮ ሆዷስ የማን ደም ነው? ደግሞም መወጠር ሁሉንም አይተረጉምም፤ የጆሮ ጫፍ ብዙ አይወጠርም፣ ኬሎይድ ግን ይወደዋል። መወጠር ትልቅ ምክንያት ነው፣ ብቸኛ ምክንያት አይደለም።

«ልጅ ስለሆነች ቶሎ ያልፍላታል» የሚልሽም ይኖራል። ቁስል ልጅ ላይ ቶሎ ይዘጋል፣ እሱ እውነት ነው። ጠባሳ ግን የሚከፋው ወጣት ቆዳ ላይ ነው። የሽማግሌ ቆዳ ልል ነው፣ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ በቀጭኑ ይድናል። የልጅ ቆዳ የተወጠረ ነው። ልጅ ደግሞ ታድጋለች፣ አጥንቷ ይረዝማል፣ ጠባሳው ግን እኩል አብሮ አይረዝምም። ስለዚህ ዝም ብሎ መጠበቅ ለእሷ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው።

ወደ ሁለቱ ባለሙያዎች እንመለስ። የመጀመሪያው የተናገረው ስለ ትኩስ ቁስል ይመስለኛል። ገና የተሰፋ ወይም ገና እየተዘጋ ያለ ቁስል ዳርና ዳሩ እንዳይጎተት ይደረጋል፣ ለዚያ ነው ቀዶ ሐኪም ከሥር በኩል የሚሰፋው፣ ከላይም ፕላስተር የሚለጥፈው። በዚያ ሰዓት መወጠር ያወፍራል፣ ትክክል ነው። የልጅሽ ግን ተዘግቷል። አሁን ያለው ጥያቄ ይወጠር ወይስ አይወጠር አይደለም፣ ምክንያቱም ብትተዪውም ሕዋሳቱ ራሳቸው ይወጥሩታል። ጥያቄው በምን ርዝመት ላይ ሆኖ ይደር ነው።

ይህ ነጥብ እንዳያመልጥሽ። ሕዋሳቱ የለመዱት የመወጠር መጠን አላቸው፣ እሱን ሁልጊዜ ለመጠበቅ ይሠራሉ። እጇን አጥፋ ስትተኛ ጠባሳው ይላላል። ሕዋሳቱ ያን ልል ክር ያገኙታል፣ ሳብ ሳብ አድርገው ይሰበስቡታል፣ በአጭሩ ያስሩታል፣ አዲስ ክርም በአጭሩ ላይ ይፈትላሉ። ጠዋት ስትነሳ ክንዷ ከትናንቱ ትንሽ ያጠረ ነው። በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ። እጇን አጥፋ መተኛት ምቾት ይሰጣታል፣ እናት ደግሞ የተመቻትን ትታ ልጇን አታስጨንቅም። ግን ቃጠሎ ላይ የሚመቸው አቀማመጥ የሚያሳጥረው አቀማመጥ ነው። ብዙ ልጅ ክንዱ የታጠፈው በቃጠሎው ቀን ሳይሆን ከቁስሉ መዘጋት በኋላ በነበሩት ሌሊቶች ነው።

መሳብም ዓይነት አለው። በጥድፊያ፣ በኃይል፣ ጎተት ለቀቅ እያደረጉ መሳብ ጠባሳውን ይሰነጥቀዋል፣ ያደማዋል፣ ሕዋሳቱን ያነሳሳል። ቀስ ያለና የሚቆይ መሳብ ግን ክሮቹ እርስ በርስ እንዲንሸራተቱ ጊዜ ይሰጣል፣ ቆዳውንም ያሳድገዋል። ማደጉን አንቺ በራስሽ ታውቂዋለሽ፤ ስታረግዣት የሆድሽ ቆዳ ለወራት ቀስ እያለ ተወጥሮ ሰፋ። ቀዶ ሐኪሞችም ይህን ይጠቀሙበታል። ከጤናማ ቆዳ ሥር ፊኛ ያስገቡና በየሳምንቱ ጨዋማ ውሃ እየጨመሩ ይነፉታል፣ ከሳምንታት በኋላ ትርፍ ቆዳ ያገኛሉ። ኃይሉ ትንሽ ነው። ዋናው ጊዜው ነው።

እንግዲህ የማደርገው ይህን ነው፣ ልጅሽ ልጄ ብትሆን። ሌሊት ሌሊት ክርኗ ተዘርግቶ የሚያድርበት ስፕሊንት፣ ማለትም ክንዷን ደግፎ የሚይዝ ጠንካራ ድጋፍ፣ ይሠራላት። በሚቀረጽ ፕላስቲክም ይሠራል፣ በጄሶም ይሠራል፣ ጄሶው እንደ ስብራት ዙሪያውን የሚታሰር ሳይሆን በአንድ ጎን ብቻ ተደግፎ በፋሻ የሚጠመጠም ነው። እዚያው ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሄደሽ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲያያት ጠይቂ። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። በሚደርስበት ልክ ይሠራል፣ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ እየተዘረጋ ይስተካከላል። ቀን ቀን ይፈታል፣ ትጫወት። ኳስ ትወርውር፣ ልብስ ስታሰጪ መቆንጠጫ ታቀብልሽ፣ ማንጎ ለማውረድ ትንጠራራ። የሕፃን ፊዚዮቴራፒ ጨዋታ ነው።

በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ ደግሞ አንቺ ትዘረጊላታለሽ። ከታጠበች በኋላ፣ ቆዳው ሞቅ ብሎ ሳለ፣ ቫዝሊን ቀብተሽ። ክንዷን መዳፏ ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ አስተኚው። የላይኛውን ክንዷን በአንድ እጅሽ ደግፊ፣ በሌላው የእጅ አንጓዋን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ወደ ታች። ጠባሳውን እዪው። ቀይ የነበረው ነጣ ሲል እዚያ ላይ አቁሚ፣ አትለፊ። 30 ያህል ቁጠሪ። ልቀቂ። አምስት ጊዜ። ታለቅሳለች እንጂ መጮህ የለባትም፤ ከጮኸች ኃይልሽ በዝቷል። በአውራ ጣትሽ ጠባሳውን ክብ እየሠራሽ ጫን ብለሽ ማሸትም ያለሰልሰዋል፣ እከኩንም ያስታግሳል። ማሸት ያባብሳል የሚባለው ክፍት ቁስል ላይ ሲሆንና ቆዳው እስኪላጥ ሲፈተግ ነው። ማርም ቅቤም የተዘጋ ጠባሳ ላይ ቢቀባ ጉዳት የለውም፣ ማለስለሻ ነው፣ ክንድ ግን አይዘረጋም። ትኩስ ቃጠሎ ላይ ቅቤ ፈጽሞ አይቀባም። ያኔ የሚያስፈልገው ለ20 ደቂቃ ቀዝቀዝ ያለ የሚፈስ ውሃ ነው፣ ይህን ለጎረቤቶችሽም ንገሪልኝ።

የሲሊኮን ልጥፍ ካገኘሽ ጥሩ ነው። በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ቢያንስ ለሁለት ሦስት ወር። የሚሠራው በዋናነት እርጥበቱን በመያዝ ነው። እርጥብ የሆነ የላይኛው ሽፋን ከሥር ላሉት ፋይብሮብላስቶች «ተረጋጉ» ይላቸዋል። በባሕር ዳር ሙቀት ያልባል፣ ስለዚህ በየቀኑ ልጥፉም ቆዳውም ይታጠብ፣ ሽፍታ ከወጣ ለሁለት ቀን ይረፍ። ልጥፉ ከሌለ ቫዝሊን በቀን ብዙ ጊዜ። የሚያጠብቅ ልብስ የሚባለውም ይረዳል፣ ቀኑንም ሌሊቱንም ማለት ይቻላል ይለበሳል፣ ልጅ ስለምታድግ በየሁለት ሦስት ወሩ በአዲስ ልክ ይቀየራል። በዚህ ላይ ያለው ማስረጃ መካከለኛ ነው፤ ስፕሊንቱንና መዘርጋቱን ትተሽ በእሱ ብቻ አትታመኚ። ልኩን ባለሙያ ይውሰደው እንጂ በግምት አይሰፋ። ስቴሮይድ መርፌ ጠባሳው ውስጥ የሚወጋም አለ። የሚያሳክክና ያበጠውን ያሟሽሻል፣ ግን ያጠረውን አያረዝምም፣ ያማልም። ለ6 ዓመት ልጅ መጀመሪያ የምመርጠው አይደለም።

ፀሐይን አትርሺ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ አዲስ ጠባሳን ታጠቁረዋለች። እጅጌው ረጅም የሆነ ቀጭን የጥጥ ልብስ ይበቃል።

አሁን በጣም የምፈራውን ልንገርሽ። ወጌሻ ጋ ወስደሽ በኃይል እንዳታስዘረጊያት። ሰው በቅን ልብ ይመክርሻል፣ አውቃለሁ። የታጠፈው አጥንት ወይም ጅማት ወልቆ አይደለም፣ ቆዳ ነው ያጠረው። በኃይል የተዘረጋ ክርን ይቀደዳል፣ ውስጡ ይደማል፣ ከቃጠሎ በኋላ ደግሞ ክርን አካባቢ አጥንት በማይገባው ቦታ የመብቀል ጠባይ ስላለው በኃይል መጫን ያንን ይጋብዛል። በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ማሰርም የደም ዝውውርን ያቋርጣል፣ በዚህ ምክንያት እጃቸውን ያጡ ልጆች አሉ። ሐኪም የሠራው ስፕሊንትም ቢሆን ጣቶቿ ከቀዘቀዙ፣ ካበጡ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከጨመረ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ፍቺው። ጠባሳው ከተሰነጠቀና ከቆሰለ እስኪዘጋ ማሸቱን አቁሚ፣ ስፕሊንቱ ግን በንጹሕ ፋሻ ላይ ይቀጥል።

ይቆረጥ ወይ? ጠባሳው ገና ቀይ፣ ያበጠና የሚያሳክክ ነው፤ ሕዋሳቱ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። አሁን ቆርጦ መስፋት ማለት አዲስ ቁስል፣ ያውም በዚያው በሚወጠረው መስመር ላይ፣ በእነዚያው በተቆጡ ሕዋሳት መሀል መክፈት ነው። ከበፊቱ የባሰ ይመለሳል። ጠባሳው እስኪበስል፣ ቀለሙ እስኪደበዝዝና እስኪለሰልስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ገደማ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላም ገመዱ ካልለቀቀ ጥሩ ቀዶ ሕክምና አለ። ሐኪሙ ገመዱን አያወጣውም። በዜድ ቅርጽ ይቆርጠውና ሁለቱን ባለ ሦስት ማዕዘን ቆዳዎች ቦታ ያቀያይራቸዋል። ቀጥ ብሎ የሚሳበው መስመር ይሰበራል፣ ርዝመትም ይገኛል። በ60 ዲግሪ የተሠራ ዜድ በስሌት ደረጃ የመስመሩን ርዝመት 75 በመቶ ይጨምራል። ያጠረው ሰፊ ከሆነ ደግሞ ከሌላ ቦታ ቆዳ ተነሥቶ ይተከላል። የተተከለ ቆዳም ይኮማተራል፣ በተለይ ስስ ሆኖ ከተነሣ። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናውም በኋላ ስፕሊንቱ አይቀርም። ዛሬ ስፕሊንት መልመዷ ለዚያ ቀንም ይጠቅማታል።

ዓመት የማይጠበቅበት ሁኔታም አለ። የዓይን ሽፋን እየተጎተተ መዝጋት ሲያቅት፣ አገጭ ደረት ላይ ሲጣበቅ፣ ወይም በደንብ በተሠራ ስፕሊንትና በዕለት ተዕለት መዘርጋት መጋጠሚያው ሳይከፈት ይባሱን እየተዘጋ ሲሄድ ቶሎ ይሠራል። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለ፣ ከባሕር ዳር ሪፈር ሊጽፉልሽ ይችላሉ።

ጠባሳ የሚያጠፋ አዲስ መድኃኒት ተገኘ የሚል ወሬ ሰምተሽ ከሆነም እውነቱ እንዲህ ነው። ያፕ የሚባል ፕሮቲን አለ፣ ሕዋስ ሲወጠር ወደ ኒውክሊየሱ ገብቶ የጠባሳ ጂኖችን ያስነሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ የአይጥ ጥናት ይህን ፕሮቲን ሲያግዱት ቁስሉ ያለ ጠባሳ፣ ፀጉሩንም እያበቀለ ዳነ። እኔም ሳነበው ደስ ብሎኛል። በዚያው ዓመት አርደም ፓታፑቲያን የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ሕዋሳት መጫንና መወጠርን የሚሰሙባቸውን ፒየዞ የተባሉ በሮች በማግኘቱ ነበር። መስኩ ሕያው ነው። ግን የአይጥ ቁስል ነው፣ ትኩስ ቁስል ነው፣ አምስት ወር የሞላው የልጅ ክርን አይደለም። በዚህ ስም ክሬም የሚሸጥልሽ ሰው ካለ ገንዘብሽን ያዢ፣ በእሱ የሲሊኮን ልጥፍ ግዢበት።

ለውጡን በዓይንሽ አትገምቺ፣ ለኪው። በየእሑዱ ክንዷን መዳፏ ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ አስተኚ፣ የላይኛው ክንዷ ጠረጴዛውን ነክቶ። የእጅ አንጓዋ ጀርባ ከጠረጴዛው ስንት ጣት እንደሚርቅ በራስሽ ጣት ለኪና ግድግዳ ላይ ባለው ካሌንደር ጻፊው። ዛሬ አራት ጣት ከሆነ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሦስት ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ካልቀነሰ፣ ወይም ሁለት እሑድ ተከታትሎ ከጨመረ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ካሌንደሩን ይዘሽ ሂጂ።